ወፍራሙን ዘይት የጨመርኩት እኔ ነኝ

ለዘነበች፣ ለአስቴር እናት፣ ለኔይቱ፤

ከተለየሽኝ ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰው ሲጠይቀኝ «ዓመት አልፎታል» ብዬ ዝም እላለሁ፤ ወሮቹን ለራሴ ነው የምቆጥራቸው። ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመር የተማርኩት በቅርቡ ነው። አስተማሪዋ «መጀመሪያ የሚጻፍለት ሰው ጤና ይጠየቃል፤ ቀጥሎ የራስ ጤና ይነገራል» ብላናለች። ያንቺን መጠየቅ ስለማይሆንልኝ የራሴን ልንገርሽ። ደህና ነኝ። ከመኪና ስወርድ ብቻ ጉልበቴ ይይዘኛል፤ እሱም ከወረድኩ በኋላ ይለቀኛል።

አዎ፣ ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። አትደንግጪ። አስቴር «አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ይህ ጉዳይ በሰው እጅ የሚጻፍ አይደለም። ከጀመርኩ አምስተኛ ቀኔ ነው። የደብተሩን ወረቀት ስንት ጊዜ እንደቀደድኩ አልነግርሽም። አንዳንዱ ፊደል እግሩ የት ጋ እንደሚቀጠል እየጠፋኝ አስተማሪዋ የሰጠችንን የፊደል ገበታ ከጎኔ ዘርግቻለሁ።

የምጽፈው ለወሬ ብቻ አይደለም። የካምቢዮውን ነገር ልነግርሽ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ባንቺ ስም ሲነገር የኖረውን ነገር ከስምሽ ላይ ላነሣው ተነሥቻለሁ። ግን በቀጥታ ወደዚያ መግባት ከበደኝ፤ እስኪ መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ።

የጓዳው ጣራ ተጠግኗል። ቆርቆሮውን የመታሁት ራሴ ነኝ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ «ውረድ፣ ትወድቃለህ» እያለ ጮኸብኝ፤ ሳልጨርስ አልወረድኩም። አሁን እዚያ ጋ ማፍሰሱን ትቶ በሌላ በኩል ያፈሳል። ጓሮ የተከልሻቸው ሦስቱ እንሰቶች ለመፋቅ ደርሰዋል፤ ሴቶቹ ከሰንበት በኋላ እንመጣለን ብለዋል። ላሚቱ ወልዳለች። ስኳር አሁንም በቀበሌው ሱቅ በሰልፍ ነው። ሴቶቹ ሲያዩኝ «አቶ ላምቤቦ ወደ ፊት ይለፉ» ይሉኛል፤ አላልፍም። አንቺ በተራሽ ትቆሚ ነበር፤ እኔም በተራዬ እቆማለሁ።

አስቴር ሾኔ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። በየወሩ ትመጣለች፤ እንደገባች ማሰሮውን ሁሉ ከፍታ ታያለች፣ ከዚያ ትቆጣኛለች። ቁጣዋ ያንቺ ነው። ድምፅዋን ሳታነሳ ነው የምትቆጣው።

ዳለቻም አለች። አመድ መልኳን አይተሽ ላም ይመስል ስም ያወጣሽላት ፒካፓችን አሁንም ትሠራለች። ጃጁራ ገበያ፣ ሾኔ ገበያ፣ ዱራሜ ገበያ፤ እንደ ድሮው ነው። ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ ሰው እንዲቀመጥ አልፈልግም ነበር፤ አሁን ግን ዝናብ ሲሆን አሮጊቶችን አስቀምጣለሁ። የምትቆጪ አይመስለኝም።

በአማርኛ መጻፌ ይገርምሽ ይሆን? አንቺ የዱራሜ ከምባታ፣ እኔ የጃጁራ ሀዲያ። ስንጋባ አንዱ የሌላውን ቋንቋ እስኪለምድ በአማርኛ እንግባባ ተባባልን፣ በዚያው ቀረ። የአዲስ አበባ ሰዎች አማርኛችንን ሰምተው ሲስቁ አንቺም አብረሽ ትስቂ ነበር። ምን ይደረግ፣ የቤታችን ቋንቋ እሱ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ዳለቻን ስንገዛ ከመሪው ጎን ካለው መሳቢያ ውስጥ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አብራ ነበረች። የመኪናዋ መጽሐፍ ናት፤ እያንዳንዱ ነገር ምን እንደሚጠጣ፣ መቼ እንደሚቀየር የሚናገር፣ በእንግሊዝኛ። አንቺ እስከ ስምንተኛ የተማርሽ ነሽ። ጣትሽን ከመስመሩ ሥር እያስኬድሽ ታነቢያለሽ፤ ያላወቅሽውን ቃል ትዘይውና ሥዕሉን አይተሽ ተመልሰሽ ታገኚዋለሽ። እኔ መሪ እይዛለሁ፣ አንቺ ታነቢያለሽ፣ መንገዱ ያልቃል። ከተጋባን ጀምሮ ደስ ያሉኝን ነገሮች ቁጠር ብባል ከዚያ እጀምራለሁ።

አንድ ቀን «እስኪ አንተ አንብበው» ብለሽኝ አታውቂም። «ላንብብልህ» ብለሽኝም አታውቂም። «ጮክ የምለው እኔው ራሴ እንዲገባኝ ነው» ነበር የምትይው። እኔም «ቀጥዪ፣ አልረበሽሽኝም» እላለሁ። ቀበሌ ላይ ወረቀት ሲሰጡኝ «መነጽሬን ቤት ረሳሁ» የምል ሰው፣ መነጽር የሚባል ነገር ኖሮኝ እንደማያውቅ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? አውቀሽ ዝም አልሽ። እኔም ማወቅሽን አውቄ ዝም አልኩ። እንዲህ ሆነን ኖርን፤ በበኩሌ ተመችቶኝ ነበር።

ያን ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ነው፤ የመኪና ዘይት ደግሞ የሚያውቁት ሰው ከሌለ ጭራሽ አይገኝም። የመንገድ ሥራ ግሬደር የሚነዳ አንድ ወዳጄ አንድ ቆርቆሮ ዘይት ሰጠኝ። ከፍቼ እንጨት አስገባሁበት። ጥቁር፣ ወፍራም፤ ከእንጨቱ ላይ እንደ ማር ተንጠልጥሎ አልወርድም አለ። ሽታው አፍንጫ ይወጋል። እንዲህ ያለ ዘይት አይቼ አላውቅም። ማርሾቹ ያሉበትን የዳለቻን ካምቢዮ ዘይት የምንቀይርበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ ደስ ብሎኝ እየዘፈንኩ ገባሁ።

አንቺ መጽሐፏን አውጥተሽ በሩ ላይ ጠበቅሽኝ። «የአስቴር አባት፣ እዚህ ላይ እኮ ካምቢዮው የሚጠጣው ሞተሩ የሚጠጣውን ነው ይላል። ወፍራሙ ለኋላው ለዲፈረንሻሉ ነው» አልሽኝ።

ሳቅሁ። «ካምቢዮ ጥርስ ያለው ነገር ነው፤ ጥርስ ከጥርስ ሲፋጭ መሃል የሚገባው ወፍራም ነው እንጂ ውሃ የመሰለ ዘይት ምን ያደርጋል?» አልኩሽ። በዚህም አልበቃኝም። «አራስ በቀጭን ትጠገናለች እንዴ? አተካና ነው የምትበላው፣ ቅቤው በክንድ ላይ እስኪወርድ። ዳለቻም እንደዚያው ናት» አልኩ። በኛ በሀዲያ ለወለደች ሴት ቡላውን በቅቤና በወተት አብስለን አተካና ብለን የምናቀርበው፣ ለወደዱት ሰው ቀጭን ነገር ማቅረብ ነውር ስለሆነ ነው። እኔም መኪናዋን ስለወደድኳት ወፍራሙን ሰጠኋት። ነገሩ ይኸው ነው፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ሞኝነት ነው እንጂ።

«መኪና መቼ አራስ ሆነች?» አልሽኝ እየሳቅሽ። ሁለተኛ ነገርሽኝ፤ ሥዕሉንም አሳየሽኝ። ሦስተኛ ስትነግሪኝ ጮህኩብሽ። «የምነዳው እኔ ነኝ ወይስ ወረቀቱ?» አልኩ። መጽሐፏን ዘጋሽ። እኔ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ፣ የቀደመውን አፈሰስኩ፣ ወፍራሙን ጨመርኩ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ የከተማችንን የሆሳዕናን ብርድ ታውቂው የለ፣ ማርሹ እምቢ አለ። ዘይቱ ረግቷል። ከአንድ ወደ ሁለት ለማስገባት በትከሻዬ ሁሉ መግፋት ነበረብኝ። ሲሞቅ ይሻለዋል አልኩ፤ ሞቆም ይንገጫገጫል። «ይለምዳል» አልኩ። ለወራት «ይለምዳል» አልኩ። አንቺ ከጎኔ ሆነሽ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለሽ።

የአንጋጫን ዳገት ይዘን ድንችና ገበያተኛ ጭነን ወደ ዱራሜ ስንወጣ ለየለት። ሁለት ላይ ላስገባ ስል ክርርር ብሎ ጮኸ፤ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣም አለ። ገበያተኛው ወርዶ በእግሩ ቀጠለ፤ አንዷ ሴትዮ «በእግሬ ብመጣ ኖሮ ደርሼ ሸጬ ተመልሼ ነበር» እያለች። እኔና አንቺ መኪናዋን አዙረን በሁለተኛ ማርሽ ብቻ እስከ ሆሳዕና ተጎተትን። አህያ የሚነዱ ሰዎች ቀደሙን፤ ሰላምታም ሰጡን። አንቺ «ነግሬህ ነበር» አላልሽም። ያን ሁሉ መንገድ ሙሉ አላልሽም።

ሸምሱ መካኒኩ ካምቢዮውን ሲፈታው ዘይቱን በሳፋ ተቀበለው። ፀሐይ ላይ ሲያወጣው ወርቅ የተፈጨበት ይመስል ያብለጨልጫል። ማርሽ ሲገባ የሚያስማሙት የነሐስ ቀለበቶች ናቸው፤ ተበልተው አልቀዋል። «ይሄ ዘይት ብረት ከብረት ለሚፋጭበት ነው፤ ነሐስ ሲያገኝ ይበላዋል። ደግሞ ከመወፈሩ የተነሣ ቀለበቱ ማርሹን ጨብጦ ማቆም አቅቶታል» አለ። ቀና ብሎ «ጋሽ ላምቤቦ፣ ይሄን ጉድ ማነው እዚህ የከተተው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጋራዡ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ሾፌሮቹ ሁሉ አሉ፤ ቀልደኛው ተካም አለ። ሁሉም ወደ እኔ ያያል። ያን ጊዜ ነው ያልኩት። እንዳልኩት ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ይህ ደብዳቤ ምንም አይደለም። «እኔ ምን አውቄ! የቤት ሰው መጽሐፍ አንብቤያለሁ፣ ወፍራሙን ጨምርበት አለችኝ፤ የሴት ነገር ሰምቼ» አልኩ።

ተካ ወዲያው ተቀበለኝ። «ምነው ወይዘሮዋ፣ ካምቢዮውን ወጥ መሰላት እንዴ ወፈር አድርገው ያለችህ?» አለ። ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ።

አንቺ በሩ ላይ ነበርሽ። ምሳ ይዘሽ መጥተሽ፣ ቆጮና አይብ በጨርቅ ጠቅልለሽ። ስትገቢ አላየሁሽም። ሳቁ ቆመ። ሸምሱ እጁን እየጠረገ አንቺን ያያል። አንቺ ምሳውን በርሜሉ ላይ አኖርሽና «እንግዲህ ዓይኔ ስቶ ይሆናል» አልሽ። ከዚያ «ሳይቀዘቅዝ ብሉ» ብለሽ ወጣሽ።

ያን ቆጮ በላሁት፤ ይህንንም ልጻፈው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምሽ በሾፌሮች አፍ «ወይዘሮ ካምቢዮ» ሆነ። ጃጁራ ደረሰ፣ ሾኔ ደረሰ። ገበያ ስትገቢ «ወይዘሮ ካምቢዮ፣ ዘይቱ እንዴት ነው ዛሬ?» ይሉሻል፤ አንቺም «ወፍሯል» ትያቸዋለሽ፤ ይስቃሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ይወዱሽ ነበር። እኔ አጠገብሽ ቆሜ አብሬ እስቃለሁ።

ቀለበቱ ጠፍቶ ዳለቻ አንድ ክረምት ሙሉ ጋራዥ ቆመች። ሸምሱ ከተገለበጠ መኪና ፈትቶ እስኪያመጣልን ድረስ ያንቺ እንሰት ነው ያበላን። ሲገጥመው ሸምሱ «ጋሽ ላምቤቦ፣ ከእንግዲህ ለካምቢዮው የሞተሩን ዘይት ነው የምትጨምረው፤ ወፍራሙን ለዲፈረንሻሉ ብቻ። እኔ ነኝ ያልኩህ» አለኝ። «እሺ» አልኩ። ወዲያው ነው ያልኩት። አንቺ ሦስት ጊዜ ያልሽኝን ቃል እሱ አንድ ጊዜ ቢለኝ እሺ አልኩ።

መጽሐፏን ግን ወደ መሳቢያው አልመለስሻትም። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ አላነበብሽም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አስቴር፣ ስለ ሰው ሠርግ እናወራለን፤ ንባብ ግን ቀረ። «ለምን ተውሽ?» ብዬ ያልጠየቅሁሽ ለምን እንደሆነ እኔም አንቺም እናውቃለን። ከአምስት ዓመት በላይ፣ ዘነበች። እስክትታመሚ ድረስ በየቀኑ ልነግርሽ እችል ነበር። ሆስፒታል ተኝተሽ እንኳ አንድ ቀን ከአፌ ሊወጣ ደርሶ ነበር፤ ነርሷ ገባች፣ ዋጥኩት። ነርሷ ስትወጣስ? ነርሷ ወጥታለች፤ እኔ ነኝ ያልተናገርኩት።

ለቅሶሽ ላይ ተካ መጥቶ ዳር ተቀመጠና ሰዉን ለማጽናናት ብሎ ያንን ወሬ አወራ። «እንዲህ ያለች ጨዋታ አዋቂ ነበረች፤ ካምቢዮ ገድላም ትስቃለች» አለ። ሰዉ በእንባው መሃል ፈገግ አለ። አስቴርም ፈገግ አለች። ነገሩ ሲሆን ትምህርት ላይ ስለነበረች ከሰው የሰማችውን ነው የምታውቀው። እናቷ እንዳጠፋች ነው የምታውቀው።

ከአርባሽ በኋላ ሳጥንሽን ስከፍት መጽሐፏን ከነጠላሽ ሥር አገኘኋት። ከፈትኳት። በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አለ፤ የእጅሽ ጽሑፍ መሆኑን ከመልኩ አወቅሁ እንጂ ማንበብ አልቻልኩም። ታንብብልኝ ብዬ ለአስቴር ልሰጣት አሰብኩ፤ ልቤ እምቢ አለኝ። በሳምንቱ ስንት ዓመት ስሸሸው ወደኖርኩት የቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ሄድኩና ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። «አቶ ላምቤቦ፣ መነጽርዎን ይዘዋል?» ብለው ሳቁብኝ። «ዛሬ ያለ መነጽር ነው» አልኳቸው።

ያንን ገጽ ያነበብኩት በዘንድሮው መስከረም ነው፤ ከእኩለ ቀን ጀምሮ፣ ዳለቻ ውስጥ ተቀምጬ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። እንዲህ ይላል፦ «ለካምቢዮ የሞተር ዘይት። ወፍራሙ ለኋላ ዲፈረንሻል ብቻ። ለካምቢዮ በፍጹም አይሆንም።» ከሥሩ ደግሞ በሌላ ቀለም፦ «ዛሬ ወፍራሙ ገባ። ነግሬዋለሁ። እግዚአብሔር መንገዱን ይጠብቅለት።»

ይጠብቅለት ነው ያልሽው። ለመኪናዋ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት። ለእኔ ነው።

ይህን አንብቤም ወዲያው አልተናገርኩም፤ ታውቂኝ የለ። መጽሐፏን ወደ መሳቢያዋ መለስኳት። ያናገረኝ አስቴር ናት። ባለፈው ወር መጥታ የዳለቻን ዘይት ለማስቀየር አብረን ሸምሱ ጋ ሄድን። ሸምሱ ከሥር ገብቷል፤ ሾፌሮቹ እንደ ልማዳቸው ተሰብስበዋል። አስቴር መጽሐፏን ከመሳቢያው አወጣችና «ቆይ አባዬ፣ ለካምቢዮው ምን እንደሚገባ ልየው» ብላ በእንግሊዝኛ ከታተመው መሃል መግለጥ ጀመረች። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አደረገች።

ተካ «ተዪ የኔ ልጅ፣ የእናትሽ ንባብ አንድ ካምቢዮ በልቷል፤ ይበቃናል!» አለ። ሳቁ። አስቴርም እንደ ማፈር ብላ ሳቀች፤ መጽሐፏን ዘጋች።

እኔ ያንን አየሁ። በአንቺ ያደረግሁት ሳይበቃ በልጅሽ ላይ ሊደገም ነው። አስተማሪ እኮ ናት።

«ተካ፣ ሳቁን አቁም» አልኩ።

«ጋሼ፣ እየቀለድኩ ነው እኮ» አለ።

«አውቃለሁ። እኔ ግን ያን ቀን አልቀለድኩም፤ ዋሸሁ። ወፍራሙን ዘይት የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሷ በትክክል አንብባ አትጨምር ብላኛለች፤ ሦስት ጊዜ ብላኛለች። እዚህ ስትጠይቁኝ አፈርኩና በእሷ አላከክሁ። ደግሞ እኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ከተማረኩ ገና ዓመቴ ነው» አልኩ። አማርኛው ተሳከረብኝ፤ «ከተማርኩ» ልል ነበር። ማንም አልሳቀም።

አስቴር አየችኝ። ቁጣ ጠበቅሁ። «አባዬ፣ ታዲያ የመንጃ ፈቃዱን ፈተና እንዴት አለፍክ?» አለችኝ።

«ያኔ መሪ መያዝ እንጂ ማንበብ አይጠየቅም» አልኳት። በአንድ ጊዜ ሳቀችም አለቀሰችም። ከዚያ መጽሐፏን ገልጣ የካምቢዮውን ገጽ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ አነበበች፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። አንድም ቃል ካንቺ ጽሑፍ አልተለየም።

ሸምሱ ከመኪናዋ ሥር ሳይወጣ «እኔ አውቄ ነበር» አለ። እግሩ ብቻ ነው የሚታየን። «ካምቢዮውን በፈታሁ በማግስቱ መጽሐፉን ይዛ መጥታ ሥዕሉን አሳየችኝ። ‹ከእንግዲህ ይሄኛውን እንዲጨምር አንተ ንገረው፤ ካንተ ይሰማል፤ እኔ እንዳልኩህ ግን እንዳትነግረው› አለችኝ። ቃል አስገባችኝ። እስከ ዛሬ ጠብቄያለሁ።» ተካ ኮፍያውን አውልቆ «ሰባት ዓመት ሰደብኳት እኮ» አለ። «ያሰደብኳት እኔ ነኝ» አልኩት።

ለካ ሸምሱ የነገረኝም ቃል ያንቺው ነበር። ዳለቻ እስከ ዛሬ የምትሄደው ባንቺ ቃል ነው።

ሆሳዕና ላይ መናገሬ ግን በቂ አልሆነልኝም፤ ወሬው የሄደው ሩቅ ነው። ጃጁራ ሄጄ ሾፌሮቹን ሻይ ቤት ሰብስቤ ነገርኳቸው። ሾኔም ሄድኩ። አንዱ «ጋሼ፣ ለዚህ ብለህ ነው ቤንዚን ያቃጠልከው?» አለኝ። «አዎ፣ ለዚህ ነው» አልኩት።

ዱራሜን ለመጨረሻ አቆየሁ። ፈርቼ ነው። እናትሽን።

ያን ጊዜ ለእሳቸውም ያንኑ ውሸት ነው የነገርኳቸው። መኪናዋ የት ቀረች ሲሉኝ «ልጅዎ በመጽሐፍ አሳስታኝ» አልኳቸው። ትናንት ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ አወቁኝ። አማርኛ ብዙ ስለማይሆንላቸው በተሰባበረ ከምባትኛዬ ነገርኳቸው፤ ሳልቀመጥ፣ ቆሜ።

ወደ ድምፄ ዞሩ። ከዚያ «አባቷ ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን ሲል ትምህርት ቤት እኔ ነኝ ያስገባኋት። ከእሱ ጋር አንድ ክረምት ሙሉ አልተነጋገርንም። አንተ ያን ቀን ያልከኝን ከሰማሁ ወዲህ አባቷ ልክ ነበር እንዴ እያልኩ ነው የኖርኩት» አሉኝ።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አንቺ ታውቂ ነበር? ካወቅሽ ለምን ለእሳቸው እንኳ አልነገርሽም?

እናትሽ ወደ በሩ ዞረው ጎረቤቶቻቸውን በየስማቸው ተጣሩ። ወንዱም ሴቱም መጣ፤ የመጣው ደጃፉን ሞላ። «በል አሁን ድገመው፤ ጮክ ብለህ» አሉኝ። ደገምኩት። አንዱ ቃል ተሳሳተብኝና ራሳቸው አረሙኝ። «እንደገና» አሉ። ሦስተኛ ተናገርኩ። ሽማግሌ ነኝ፣ ዘነበች፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ ቆሜ ነው የተናገርኩት። አልከበደኝም ብል እዋሻለሁ። ግን አንድም ቃል አልቀነስኩም።

ሲያልቅ ጎረቤቶቻቸውን አላዩም፣ እኔንም አላዩም። «ልጄ ማንበብ ታውቅ ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው ነው የሚያወሩት። ደግመው «ታውቅ ነበር» አሉ። ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙና አስቀመጡኝ።

እንግዲህ ይህ ነው የሆነው። ይቅር በዪኝ ለማለት ዘግይቻለሁ፤ አንቺ ደግሞ ሳልልሽ ያደረግሽው ይመስለኛል፤ ብቻ እኔ ማለት ስላለብኝ፣ ይቅር በዪኝ። እስካለሁ ድረስ የትም ልሁን፣ ሰው ስለ ዳለቻ ካነሣ፣ ያነበበችው ሚስቴ ዘነበች ናት፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ባይጠይቁኝም እላለሁ። እኔ ስሞት አስቴር እንድትለው አደራ ብያታለሁ፤ እሺ ብላኛለች።

ባልሽ ላምቤቦ፣
የአስቴር አባት